በጦር ሜዳ ለወደቀ ወታደር ሜዳይ ይሰጣልን? ስለ ቃኘው ሻለቃ ስዉአን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የአያቴ ታላቅ ወንድም ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘምተው እዚያው ወደቁ። ከእሳቸው በቤታችን የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ነው። በሕይወት የተመለሱት ዘማቾች በየበዓሉ ሜዳያቸውን ደርድረው ሲወጡ እናያለን፤ ለሞቱት ግን ምንም የተሰጣቸው አይመስልም። መንግሥታት ለወደቀ ወታደር ሜዳይ የሚሰጡበት ሥርዓት አለ ወይ? ቤተሰብስ ከሰባ ዓመት በኋላ ምን ሊጠይቅ ይችላል?»

ጥያቄዎ የብዙ ቤተሰቦች ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ። በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥርዓቱ አለ፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ መሠረቶች አሉት፤ እነዚህን ሳይለዩ መጠየቅ ቤተሰብን ለዓመታት ያንከራትታል። አንደኛው ወታደሩ ከመውደቁ በፊት ለፈጸመው ጀብዱ የሚሰጥ ሜዳይ ነው። ይህ የዓይን ምስክር፣ የአዛዥ የጽሑፍ ሐሳብና የበላይ አካል ውሳኔ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ለመሥዋዕትነቱ ለራሱ የሚሰጥ ነው፤ ወታደሩ በግዳጅ ላይ ሳለ ሕይወቱን መስጠቱ በመዝገብ ከተረጋገጠ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። እርስዎ «ለሞቱት ምንም የተሰጣቸው አይመስልም» ያሉት ሁኔታ የሚፈጠረው ሁለተኛው በሌለበት ወይም ዘግይቶ በመጣበት ቦታ ነው። ለእንደ እርስዎ ያለ ቤተሰብም ተገቢ ሆኖ የማየው ሁለተኛው ስለሆነ ምላሼ ወደዚያ ያመዝናል።

የመጀመሪያውን ዓይነት ታሪክ ጥቂት ጠለቅ ብሎ ማየት ግን ግድ ነው። በአውሮፓ ነገሥታት ዘንድ ኒሻን በጥንቱ ትርጉሙ ንጉሡ በሚመራው የባላባቶች ማኅበር ውስጥ አባል መሆን ነበር። ሰውየው ሲሞት አባልነቱም አብሮ ያበቃል፤ በአንዳንዶቹ ማኅበራት ዘንድ ምልክቱ ለንጉሡ ተመላሽ ይሆናል። የሞተ ሰው ማኅበር ሊገባ ስለማይችል ለሞተ ሰው ኒሻን የመስጠት ሐሳብ ራሱ እንግዳ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ለተራ ወታደር ጭምር ተብለው በኋላ በተፈጠሩት ሜዳዮች ላይም ጥላውን ጥሎ ቆይቷል። የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት የሆነው የቪክቶሪያ መስቀል በ1856 ሲቋቋም ከጄኔራል እስከ ተራ ወታደር ያለ ማዕረግ ልዩነት እንዲሰጥ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ለአርባ ዓመታት ከዚያም በላይ በውጊያው ላይ ለወደቀ ሰው አይሰጥም ነበር። የወደቀው ሰው ጀግንነት የማያጠራጥር በሆነበት ጊዜ መንግሥታዊው ጋዜጣ «በሕይወት ቢተርፍ ኖሮ ለመስቀሉ ይታጭ ነበር» የሚል ማስታወቂያ ያወጣል፤ ቤተሰቡ የሚያገኘው ያንኑ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

በጣም የታወቀው ምሳሌ የሁለቱ መኮንኖች የሜልቪልና የኮግሂል ጉዳይ ነው። በጥር 1879 በደቡብ አፍሪካ ኢሳንድልዋና ላይ የዙሉ ሠራዊት የእንግሊዝን ጦር በደመሰሰበት ዕለት፣ ሁለቱ የሬጅመንታቸውን ሰንደቅ ዓላማ ለማዳን ሲሞክሩ ተገደሉ። መስቀሉ ለቤተሰቦቻቸው የደረሰው በ1907፣ ማለትም ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። ለዚህም በር የከፈተው እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ከደች ዘር ሰፋሪዎች ጋር ያደረገችው የቦር ጦርነት ነበር፤ በ1902 በዚያ ጦርነት ለወደቁ ጥቂት ሰዎች መስቀሉ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት የወደቁት ቤተሰቦች «የእኛስ?» ማለታቸው የማይቀር ነበርና ከአምስት ዓመት በኋላ ስማቸው በማስታወቂያ ብቻ ቀርቶ ለነበረ ስድስት ሰዎች መብቱ ወደ ኋላ ተዘረጋ። ሕጉ በግልጽ ተጽፎ የገባው ደግሞ በ1920 ነው። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሞቶ በመቅረቱ ብቻ ከሽልማት የቀረን ሰው ነገር አንድ መንግሥት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላም ቢሆን ሊያስተካክል እንደሚችል ያሳያልና፣ ጥያቄዎ ጊዜው ያለፈበት ነው ለሚልዎ ሰው ይህን ሊነግሩት ይችላሉ።

ሆኖም ከጀብዱ ጋር የተያያዘው ሽልማት ለሟች ከተፈቀደ በኋላም ቢሆን በሟች ላይ የሚከብዱ ሁኔታዎች አሉት። ጀብዱን የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ ከጎኑ ያለ ጓድ ነው፤ ጓዱም አብሮ ሲወድቅ ምስክርነቱ አብሮ ይቀበራል። ሐሳቡን ጽፎ ለበላይ የሚያቀርበው የመቶ አለቃ ወይም የሻምበል አዛዥ ነው፤ እሱም ቢቆስል ወይም ቢዛወር ወረቀቱ ሳይጻፍ ይቀራል። በሕይወት ያለ ሰው ለራሱ ባይናገር እንኳ ጓደኞቹ ሲያወሩለት፣ አዛዡ በየዕለቱ ሲያየው፣ ነገሩ እየተነሣ ይቆያል። የሞተው ግን በሪፖርት ውስጥ አንድ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ የጀግንነት ሜዳይ ያልተሰጠው ሟች ሁሉ ጀግንነት አልፈጸመም ብሎ ማሰብ ትልቅ በደል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያልተሰጠው ስላልታየ ወይም ያየው ስላልተረፈ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የተወለደው ከዚህ ጉድለት ነው፤ ያወጣውም የአንደኛው የዓለም ጦርነት እልቂት ነው። እንግሊዝ በዚያ ጦርነት ለሞቱባት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ቤተሰቦች ከ1919 ጀምሮ ዲያሜትሩ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የነሐስ ሰሌዳ ላከች። በሰሌዳው ላይ የሟቹ ስም ጎልቶ ተቀርጿል፤ ማዕረጉ ግን ሆን ተብሎ ቀርቷል፤ የኮሎኔሉም የተራው ወታደርም መሥዋዕትነት እኩል መሆኑን ለማመልከት ነው። ይህን ውሳኔ ሁልጊዜ አደንቀዋለሁ፤ ምክንያቱም የዚያ ዘመን እንግሊዝ በመደብና በማዕረግ የተከፋፈለች ሀገር ነበረች፤ ነገር ግን በሞት ፊት ክፍፍሉን ለመተው ደፍራለች። ካናዳም በታኅሣሥ 1919 ለሟች እናትና ለሚስቱ የሚሰጥ የብር መስቀል አቋቋመች፤ በጀርባው የሟቹ ስም ይቀረጽበታል። ለረጅም ዘመን ተቀባዮቹ እናትና ሚስት ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ደንቡ ተሻሽሎ ወታደሩ ራሱ በሕይወት ሳለ ተቀባዮቹን እስከ ሦስት ድረስ እንዲሰይም ተፈቅዶለታል።

ሐምራዊ ልብ (ፐርፕል ሃርት) የተባለው የአሜሪካ ሜዳይ የሁለቱ ዓይነቶች መገናኛ ነው። በ1932 ታድሶ ሲወጣ ለሕያዋን ብቻ ነበር፤ በጦርነት የቆሰለ ወታደር ወስዶ ደረቱ ላይ ያደርገዋል፤ የሞተው ግን አያገኝም። በ1942 አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ ይህ ሊዘልቅ የማይችል ሆነ፤ ለሟቾችም ቤተሰቦቻቸው እንዲቀበሉላቸው ተወሰነ። ለሞተ ሰው ይህ ሜዳይ ሲሰጥ ጀግና ነበር ወይስ አልነበረም ተብሎ አይጠየቅም፤ በጠላት ተግባር መሞቱ ይበቃል። ከዚህ ሌላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1947 ለሟች የቅርብ ቤተሰብ የሚሰጥ የወርቅ ኮከብ ምልክት አቋቁሟል። በሐምራዊ መደብ ላይ ያረፈው ይህ ትንሽ ኮከብ ከሟቹ ሜዳዮች የሚለየው የቤተሰቡ የራሱ በመሆኑ ነው፤ እናትም ሚስትም ኮታቸው ላይ ያደርጉታል። በአሜሪካ የምትኖሩና ልጃችሁ በዚያች ሀገር ጦር ውስጥ ሲያገለግል ያረፈባችሁ ወገኖች ብትኖሩ፣ እነዚህን ነገሮች የሚያስፈጽም ቤተሰብን የሚረዳ መኮንን ስለሚመደብላችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኀዘን ምክንያት ያልጠየቃችሁትን በኋላም ልትጠይቁት እንደምትችሉ እወቁ።

ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የኤልሳቤጥ መስቀል ነው። የእንግሊዟ ንግሥት በ2009 ያቋቋሙት ይህ ምልክት ለወደቀው ሰው የቅርብ ቤተሰብ ይሰጣል፤ ስሙ በጀርባው ይቀረጻል፤ ንግሥቲቱ የፈረሙበት የመታሰቢያ ጽሑፍም አብሮት ይላክ ነበር። ትልቁ ነገር ወደ ኋላ መዘርጋቱ ነው። ከ1948 መባቻ ጀምሮ በግዳጅ ላይ የወደቁ ሁሉ ይካተታሉ። በዚህም ምክንያት ከአያትዎ ወንድም ጋር በአንድ ዘመን፣ በዚያው በኮሪያ ኮረብታዎች ላይ የወደቁ የእንግሊዝ ወታደሮች እኅቶችና ልጆች ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ መስቀሉን ተቀብለዋል። ስለዚህ ከኮሪያ ዘመቻ በኋላ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ለሟች ቤተሰብ በስም የተቀረጸ መንግሥታዊ ምልክት መስጠት የሚቻል ብቻ ሳይሆን የተደረገም ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ መንገድ ሳልጠቅስ አላልፍም። ሜዳይ ብቸኛው የክብር መግለጫ አይደለም። እስራኤል በ1970 በወጣ ሕግ ሦስት የጀግንነት ሽልማቶች ያሏት ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበልጠው ለአርባ ሰዎች ብቻ ተሰጥቷል፤ ሁሉም እስከ 1973ቱ ጦርነት ባለው ጊዜ ለተፈጸሙ ተግባሮች ነው። በዚያ ፈንታ የሟቹን ስም በማስታወስ፣ በየዓመቱ በሚከበረው የመታሰቢያ ቀን፣ በመቃብሩ አያያዝና ለቤተሰቡ በሚደረግ መደበኛ ድጋፍ ክብሯን ትገልጻለች። ከኢትዮጵያ የሄዱ ወገኖቻችን ልጆችም በእነዚያ መቃብሮች ውስጥ ይገኛሉ፤ ቤተሰቦቻቸው የሚያገኙት ክብርም ከሌላው እኩል በዚሁ ሥርዓት ነው። ይህ ጥሩ መንገድ ነው፤ ነገር ግን መቃብሩ ቅርብ ሲሆንና የመንግሥቱ መዝገብ ሳይቋረጥ ሲቆይ ነው የሚሠራው። የእኛ ሀገር መዝገብ በሥርዓት ለውጥ እየተቆራረጠ የመጣ ስለሆነ፣ በቤተሰብ እጅ የሚቀር፣ ስም ያለበት፣ ከሣጥን ወጥቶ ለልጅ የሚታይ ነገር ለእኛ የበለጠ ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡ ለባህላችንም እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ለቅሶ የጀግናው ጋሻና ጦር፣ ካባውና ፈረሱ ለቀስተኛው ፊት ይወጡ ነበር፤ አልቃሿም ገድሉን እያነሣች ታወርዳለች። የሟች ክብር ለወገኑ የሚተላለፍ መሆኑን ኢትዮጵያዊ ሰው ያውቀዋል። ዛሬም በየካቲት 23ና በሚያዝያ 27 የአባቶቻቸውን ሜዳይ አጥልቀው አደባባይ የሚወጡ ልጆችና የልጅ ልጆች ይህንኑ ነው የሚያደርጉት። የአባቱን ሜዳይ ይዞ የሚወጣው ግን አባቱ ሜዳዩን ተቀብሎ ቤቱ የገባለት ልጅ ነው። ከጦር ሜዳ ያልተመለሰው ሰው ልጅ ባዶ ደረቱን ይወጣል። የእርስዎም ጥያቄ የተነሣው ከዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ቃኘው እንምጣ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በግንቦት 1951 ኮሪያ ደረሰ፤ ጦርነቱ እስኪቆም ድረስም ሦስት ሻለቆች ተፈራርቀው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጉ። በአዛዥነት የተጠሩት መኮንኖች፣ ከበደ ገብሬ፣ አስፋው አንዳርጌና ወልደ ዮሐንስ ሽታ፣ በታሪክ ይታወቃሉ። የወደቁት ከ120 በላይ ናቸው፤ የቆሰሉት ከ500 ይበልጣሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ይህ የመጨረሻው ነገር ሁልጊዜ በኩራት ይነገራል፤ መነገርም ይገባዋል። ነገር ግን ከሜዳይ አኳያ የውጊያቸው ዓይነት አንድ ችግር ነበረው። ቃኘው የተዋጋው ብዙውን ጊዜ በሌሊት ቅኝትና በኮረብታ ላይ በሚደረግ ግጭት ነው፤ በእንዲህ ያለ ውጊያ ጀብዱን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። በሕይወት ከተረፉት መካከል አንዳንዶቹ ከአሜሪካ መንግሥት የብር ኮከብና የነሐስ ኮከብ ተሸልመዋል፤ በጨለማ የወደቀውን ግን ማን እንዳየው የሚናገር የለም።

ብዙ ቤተሰቦች «ከአሜሪካ ጦር ጋር አብሮ ሲዋጋ ስለሞተ ሐምራዊ ልብ ይገባዋል» ብለው ይጠይቃሉ። አይገባውም፤ ይህንን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው። ሜዳዩ የአሜሪካን የጦር ኃይሎች አባላት ብቻ የሚመለከት ስለሆነ በዚያ ጦር ሥር የተዋጉ የአጋር ሀገራት ወታደሮች አይካተቱም። በዚህ ጥያቄ ደብዳቤ መጻጻፍ ዓመታትን ከማባከን በቀር አንድ ነገር አያስገኝም። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ሟች እንዲያከብር የተተወ ነው፤ ለቃኘው ስዉአንም ኀላፊነቱ በቀዳሚነት የኢትዮጵያ መንግሥት ነው።

የማይሰማው፣ ነገር ግን በጣም ሊሰማ የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ የአያትዎ ወንድም በኮሪያ ጦር ሜዳ በማገልገላቸው ብቻ የሚያገኙት ሜዳይ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1950 የኮሪያ አገልግሎት ሜዳይ አቋቋመ። በፊት ለፊቱ የድርጅቱ ዓርማ፣ በጀርባው የድርጅቱን ቻርተር ዓላማዎች ለመጠበቅ ለተደረገ አገልግሎት የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አለበት፤ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ነው። ጽሑፉ በተሳታፊ ሀገራት ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፤ ከእነዚህም አንዱ አማርኛ ነው። የዓለም ድርጅት በግዕዝ ፊደል የቀረጸው ሜዳይ መኖሩን ብዙ የሟች ቤተሰብ አያውቅም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትም ለዘማቾቹ የኮሪያ ዘመቻ ሜዳይ አቁሞ ነበር። እነዚህ ሁለቱ የጀብዱ ሳይሆኑ የአገልግሎት ሜዳዮች ናቸው፤ ስለዚህም የወደቀውንም የተመለሰውንም እኩል የሚመለከቱ ናቸው። የተመለሰው በሰልፍ ላይ ቆሞ ሲቀበል፣ የወደቀው ሰው ሜዳይ ወደ ገጠር ወዳለው ቤተሰቡ ይሂድ አይሂድ የሚከታተል ሰው በሌለበት እንዴት እንደሚቀር ለመረዳት አያስቸግርም። ከ1974 በኋላ ደግሞ የንጉሡ ዘመን ሜዳይ የሚያስከብር ነገር አልነበረም፤ በኮሪያ ከኮሚኒስቶች ጋር መዋጋትም እንዲሁ። በብዙ ቤት ሜዳይም ወረቀትም የተደበቀበት፣ የተቀበረበት ወይም የጠፋበት ዘመን ነው።

ስለ አስከሬናቸውም ጠይቀው ባይሆን እንኳ ልንገርዎ፤ ለማስረጃ ይጠቅማልና። በኮሪያ የወደቁት ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዐርፈው ነበር፤ በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። በዚያው መካነ መቃብር በ2006 በተሠራው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ በጦርነቱ የሞቱና የጠፉ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አባላት ስሞች በየሀገራቸው ተቀርጸዋል፤ ጠቅላላ ቁጥራቸው 40,896 ነው፤ ኢትዮጵያውያኑም በሀገራቸው ስም ሥር ይገኛሉ። ሴውል ባለው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየምም እንዲሁ የስም ዝርዝር አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ ሜዳይ መጠየቅ አይደለም፤ ስማቸው በዚያ ግድግዳ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ስሙ የተጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ዛሬ እርስዎ እንደሚጽፉት ላይሆን ይችላል፤ በሦስትና በአራት ዓይነት አጻጻፍ ይሞክሩት፤ የአባትን ስም ብቻ ይዘውም ይፈልጉ።

ስሙ ከተገኘ የተረጋገጠ የሞት ማስረጃ አለዎት ማለት ነው። ከዚያ ፎቶግራፉን፣ የሟቹን ስም ከነአባትና ከነአያት ስም፣ በቤተሰብ የሚታወቅ ከሆነ ማዕረጋቸውንና የትኛው ቃኘው እንደነበሩ ይዘው አዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ የሚገኘውን የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ይጠይቁ። በሕይወት ያሉት ዘማቾች አሁን ከዘጠና ዓመት በላይ ናቸው፤ ከማኅበሩ ሰነድ ይልቅ የእነርሱ ትዝታ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ይህን እርምጃ አያዘግዩት። አብሯቸው የነበረ ሰው ቢያገኙ የሚነግርዎትን በድምፅ ይቅረጹ፣ በጽሑፍም አስፈርሙት። ወደ ሀገር መከላከያ የሚቀርበው ማመልከቻ ከዚህ በኋላ ይሁን። በማመልከቻው ላይ «ጀግና ስለነበሩ ይሸለሙ» ብለው ከጻፉ ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ ማስረጃውም አይገኝም። «በዘመኑ የተቋቋመው የአገልግሎት ሜዳይ ወጪ ሆኖላቸው እንደሆነ ይረጋገጥልን፤ ካልሆነም ለቤተሰባቸው የምስክር ወረቀት ይሰጠን» ብለው ከጻፉ ግን የሚጠይቁት መዝገብ ነው፤ መዝገብ ደግሞ ወይ አለ ወይ የለም ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

የኮሪያ ሪፐብሊክ መንግሥትም በራሱ በኩል ለዘማቾች የሚሰጠው የሰላም አምባሳደር ሜዳይ አለው። ኮሪያ ለዘማቾች ጉዳይ ሚኒስቴር ያላት፣ በቹንቾን ለኢትዮጵያውያኑ ሐውልት ያቆመች ሀገር ናት፤ በ1968 ሐውልቱ ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል። በአዲስ አበባ ኤምባሲዋ በኩል የሚቀርብ፣ የሟቹን ስም ከግድግዳው ዝርዝር ጋር ያመሳከረ አጭር ደብዳቤ መልካም ተቀባይነት እንደሚያገኝ ተስፋ አለኝ። ይህ ሜዳይ የምስጋና ምልክት ነው፤ በጦር ሜዳ ጀብዱ ከሚሰጡት የኮሪያ ወታደራዊ ኒሻኖች ጋር አይምታታብዎ።

ቤተሰብ ሲቸኩል የሚፈጽመው አንድ ነገር አለ፤ እባክዎ አያድርጉት። በቸርችል ጎዳና የድሮ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የንጉሡን ዘመን ሜዳዮች ይሸጣሉ፤ የኮሪያም ይገኝባቸዋል። ከዚያ ገዝቶ «የአያታችን ወንድም ነው» ብሎ መስቀል በሌላ ቤተሰብ ደም ላይ መቆም ነው፤ ያ ሜዳይ የራሱ ባለቤት ነበረው። በሀገራችን ሜዳዮች ላይ ስም የመቅረጽ ልማድ ስላልዳበረ ባለቤቱ አይታወቅም እንጂ። ምናልባት ሜዳዩ ሳይገኝ ቢቀር፣ የግድግዳው ስም ፎቶግራፍ፣ የምስክር ወረቀቱና የዘማቹ ቃል በአንድ ክፈፍ ውስጥ ቢቀመጡ ከተገዛ ሜዳይ ይልቅ እውነተኛ ናቸው።

የሕግ ባለሙያዎችና የመከላከያ ሰዎች ይህን ሲያነቡ እንዲያስቡበት የምፈልገው ነገርም አለ። በኮሪያ ለወደቁት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ሁሉ በስም የተቀረጸ፣ ማዕረግ የማይጠቅስ የመሥዋዕትነት ምልክት ቢሰጥ የሚያስፈልገው ጥቂት ነሐስና አንድ የተጣራ ዝርዝር ነው፤ ሰዎቹ ከመቶ ሃምሳ አይበልጡም፤ ዝርዝሩም በቡሳን በድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከቃኘው መጀመር ቀላል ነው፤ ምክንያቱም የማን ወገን ነበሩ የሚል ክርክር የለባቸውም። ከዚያ በኮንጎ፣ በሶማሊያ፣ በዳርፉርና በአብዬ በሰላም ማስከበርና መሰል ግዳጅ ላይ ለወደቁት፣ ቀጥሎም በሀገር ውስጥ የመንግሥትን ዩኒፎርም ለብሰው ለወደቁት መዘርጋት ይቻላል። በሽታና የመኪና አደጋ በግዳጅ ላይ ከገደለም መካተት አለበት፤ የወታደር እናት ልጇ በጥይት ወይም በወባ ስለ መሞቱ ኀዘኗ አይለያይምና። በዚህ ረገድ የተባበሩት መንግሥታት ምሳሌ ግሩም ነው። በ1997 የጸጥታው ምክር ቤት ያቋቋመው፣ በድርጅቱ የቀድሞ ዋና ጸሐፊ ስም የተሰየመው የዳግ ሐመርሾልድ ሜዳይ በሰላም ማስከበር ላይ ላረፈ ሁሉ ይሰጣል፤ እንቁላል ቅርጽ ያለው ክሪስታል ሲሆን የሟቹ ስምና ያረፈበት ቀን ተቀርጾበታል፤ ሞቱ በውጊያ ነው ወይ አይልም። የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች ቤተሰቦችም የሚያውቁት ሜዳይ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ላይ ሰው የሞተበትና ይህ ያልደረሰው ቤተሰብ ካለ፣ የሚመለከተው አካል ሀገራችን በኒው ዮርክ ያላት ቋሚ መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ በመከላከያ በኩል ይጠይቅ።

የሜዳዩ ጥያቄ የጡረታ ጥያቄ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። የተተኪ ጡረታ የራሱ ሕግና የራሱ ተቀባዮች አሉት፤ በአንድ ማመልከቻ ላይ ሁለቱን ካቀላቀሉ የሚመልስልዎት ክፍል «ይህ የእኛ ሥልጣን አይደለም» ብሎ ሁለቱንም ይመልሳል። ለየብቻ ይጻፉ።

በመጨረሻም፣ ሜዳይ ወይም የምስክር ወረቀት ቢገኝ ማን ይረከበው የሚለው ነገር በቤተሰብ መካከል ቅሬታ ሊያስነሣ ይችላል። ሟቹ ሚስትና ልጅ ካልነበራቸው በእኔ ሐሳብ የሚቀድመው በሕይወት ያለ ወንድም ወይም እኅት ነው፤ ስለዚህ አያትዎ በሕይወት ካሉ ማመልከቻው በእሳቸው ስም ይቅረብ፣ እርስዎ በውክልና ይከታተሉ። ካረፉ ግን ከወራሾች ፍርድ ቤት ሄዶ ከመካሰስ በፊት የቤተሰቡ ሽማግሌዎች አንድ ተረካቢ ይምረጡና ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ያንን ስምምነት ከማመልከቻው ጋር አያይዘው ያቅርቡት።